ጋሽ ዘውዴና እሾህ የለመንኩበት መንገድ

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ሆዳን ናት። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሻይ ቤቷን ክፍት ትታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «ዘይነባ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ቆሜ አየኋት። «አቦ ተቀመጪ አልኩሽ!» ብላ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ ነገረችኝ። ሕመማቸው አጭር ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ብርሃኔ ጠዋት ሊቀሰቅሷቸው ሲሄዱ አልነቁም። እኔም፣ «ሁላችንም የጌታችን ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን» አልኩ። እርሳቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ እኔ ለሞት የማውቀው ቃል ግን ይኸው ነው።

በማግስቱ ቀብራቸው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ሬሳቸውን የተሸከሙት የብስክሌት ክበባቸው ልጆች ናቸው። ልጆች እላለሁ እንጂ ዛሬ አብዛኞቹ አባቶች ናቸው። አንዱ ልጄ ኑረዲን ነው።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንዱ፣ «ደግ ሰው ነበሩ። ያቺ ወደ አይሻ የሄዱባት ጉዞ ባትኖር ኖሮ ስማቸው ላይ አንዲት ነጥብ አይገኝም ነበር» አለ። ሌላው፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ሰው ይረሳል» አለው።

ጋሽ ዘውዴ አልረሱም። ያን ጉድለት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ዞሬ መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ስሰግድ ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ምስክርነትን መደበቅ ኃጢአት መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ። ነገ እኔም በዚያው ጌታ ፊት እቆማለሁ። ስለዚህ ይህን ጽፌ፣ በአርባቸው ቀን ለሚያውቋቸው ሁሉ እንዲነበብ ለእትዬ ብርሃኔ እሰጣለሁ። ጽሕፈት ሙያዬ አይደለም። የሆነውን ብቻ እናገራለሁ።

ጋሽ ዘውዴ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ሳይቆይ ጅጅጋ ተመድበው መጡ። በሙያ ማሠልጠኛ የብረታ ብረት ሥራ ያስተምሩ ነበር። ብዙ መምህራን መጥተው፣ ሙቀቱንና ነፋሱን አማርረው ዝውውር ሲጠይቁ እርሳቸው ቀሩ። ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣ አሮጌ ብስክሌት ነበራቸው። ቅዳሜ ሲሆን በብስክሌቷ ድንኳን፣ ውሃና ትንሽ ድስት ይጭኑና ከከተማ ወጥተው፣ ሜዳ ላይ አድረው ይመለሳሉ። መጀመሪያ ከተማው ሁሉ ሳቀባቸው። የኬላ ወታደሮች፣ «አባት፣ ቤት የለዎትም እንዴ?» ብለው ጠየቋቸው አሉ። «አለኝ። ቤቴን የምወደው ግን ከሜዳ ስመለስ ነው» ብለው መለሱላቸው። ይህን ሲያወሩ ራሳቸው ይስቁ ነበር።

ቀስ በቀስ ወጣቶች ተከተሏቸው። ሶማሌውም፣ አማራውም፣ ጉራጌውም፣ የመምህሩም የነጋዴውም ልጅ ነበረበት። ክበብ አቋቋሙ። ትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፤ ያለዚያ ኬላ አይታለፍም። ጋሽ ዘውዴ ያን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልለው ደረታቸው ኪስ ውስጥ ይይዙታል። «ከድንኳን በፊት ደብዳቤ፣ ከደብዳቤ በፊት ሰላምታ» ይሉ ነበር። መንደር አጠገብ ከመተኛታቸው በፊት ሽማግሌ ፈልገው ሰላም ይላሉ፤ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሶማሊኛቸው የተሰባበረ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይስቁባቸውና ወተት ይሰጧቸዋል።

«ጋሽ ዘውዴ፣ እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፤ የት ልሂድ?» የሚላቸውን ሁሉ፣ «መጀመሪያ የቤትህ መብራት የሚታይበት ቦታ እደር። ከፈራህ ተነሥተህ ትመጣለህ። ካልፈራህ ቀጥሎ የማይታይበት ቦታ ትሄዳለህ» ይሉታል። ከከተማው ወጣ ያለው ሜዳ የጀማሪ ነበር። ደምበል የሁለተኛ ዓመት ሰዎች መንገድ ነው። አይሻና ከዚያ አልፎ የባቡሩን ሐዲድ ይዞ ወደ ሰሜን፣ እስከ ጅቡቲ ድንበር እስከ ደወሌ መሄድ ግን ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ላደረ ብቻ ይፈቀዳል።

የድንኳናቸው ሸራ ከጭነት መኪና ልባስ የተቆረጠ ነው፤ ልብስ ሰፊው ጋ ሄደው እያንዳንዷን ስፌት ቆመው አሰፍተውታል። ውሃ በሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ከኋላ ወንበሩ ግራና ቀኝ ይታሰራል። «ጭነት እንደ ሁለት ልጅ ነው። አንዱን ካበለጥክ ይጥልሃል» ይላሉ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አያስተክሉም። አሸዋው ለስላሳ ነው ብለው የሚለምኗቸውን፣ «አሸዋውን ያመጣው ማን መሰለህ?» ብለው ያስነሷቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት የግራር እሾህን ነበር። አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪውን ማለቴ ነው፣ በቀላሉ ይበሳዋል። ያረጀ ካላማዳሪ በቁመቱ ሰንጥቀው በውጭ ጎማውና በአዲሱ ካላማዳሪ መካከል እንደ ምንጣፍ ያነጥፉታል። እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱ ተጓዥ መለዋወጫ ካላማዳሪና ማስቲሽ በገዛ ሻንጣው መያዝ ግዴታው ነበር። «ውሃም ዳቦም እንካፈላለን። እሾህ ግን ለሁሉም የራሱ አለው» ይሉ ነበር። አንዱ ተበስቶበት መለዋወጫ ከሌለው ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ደንባቸው ነው። ይህን ደንብ ልብ በሉልኝ። እኔ ያጠፋሁት በዚህ ደንብ ተማምኜ ነው።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። ሰዎች ይገረሙበታል፤ እኔ ግን ዛሬም ስለ እርሱ አመሰግናቸዋለሁ። ከጉዞ በፊት በየቤቱ ይሄዳሉ። የተጓዡ እናት ወይም ሚስት ፊት ሸራ አንጥፈው፣ ሻንጣው ውስጥ የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ይደረድራሉ። እናትየዋ እያንዳንዱን ዕቃ በእጇ ነክታ «አየሁ» ትላለች። «አየሁ» ያላለችው ዕቃ አይገባም፤ የጎደለ ካለ እዚያው ይሞላል። በመጨረሻ ራሳቸው ሻንጣውን በገመድ ይቋጥሩታል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ እስኪፈለግ ድረስ ማንም አይፈታውም። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ሆዳን ጠይቃቸው ነበር። «እናት ያላየችው ሻንጣ ግማሹ ባዶ ነው» አሏት። ሆዳን፣ «የእኔ እናት ብታይ ሻንጣውን ሳይሆን እርስዎን ነው የምትቋጥረው» አለቻቸው። በዚያው ሳምንት ከሁለት አሮጌ የብስክሌት ጎማዎች የውሃ ጀሪካን መግፊያ ጋሪ ሠርተው በሯ ላይ አቆሙላት። እስከ ዛሬ ትሠራበታለች።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከወሎ ይዞኝ የመጣው እርሱ ነው። በደወሌ መንገድ ሲመላለስ ኖሮ ከአይሻ ወዲህ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ኑረዲን ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። ሌላ ልጅ የለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰሜኑን መንገድ አቅጣጫ እንኳ ማየት እፈራ ነበር።

ኑረዲን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ሞባይል ወደ ከተማችን በገባ ሰሞን፣ ጋሽ ዘውዴ አራት ሰው ይዘው ወደ አይሻ ሊሄዱ መሆኑን ሰማሁ። ሐሙስ ወጥተው፣ ቅዳሜ አይሻ ደርሰው፣ እሁድ ብስክሌቶቹን መኪና ላይ ጭነው ሊመለሱ ነው። ከአራቱ አንዱ ኑረዲን ነበር።

«በሌላ መንገድ ሂድ» አልኩት።

«እማ፣ አባዬ የሞተበትን ቦታ አላየሁትም» አለኝ።

አትሂድ ማለት አቃተኝ። ሂድም ማለት አቃተኝ።

ረቡዕ ከአስር ሰዓት በኋላ ጋሽ ዘውዴ መጡ። ሸራቸውን አነጠፉ። ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ክብሪት፣ ማስቲሽ፣ ካላማዳሪ። «የኑረዲን እናት፣ ይንኩት» ይሉኛል፤ እነካለሁ፤ «አየሁ» እላለሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አዩት መሰለኝ፣ «የቀረ ነገር አለ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። «የለም» አልኩ። ሻንጣውን ቋጥረው፣ ኑረዲንን ይዘው የሌሎቹን ሊያዩ ሄዱ።

ብቻዬን ከሻንጣው ጋር ቀረሁ። ከከተማው መውጫ አንስቶ ግራር አለ። አንዲት እሾህ ብትወጋው፣ መለዋወጫ ባይኖረው፣ በደንባቸው መሠረት ሁሉም ይመለሳሉ። ሐሙስ ከቀትር በፊት ልጄ ቤቱ ይገባል። ይህን አሰብኩና ቋጠሮውን ፈታሁ። ካላማዳሪውንና ማስቲሹን አወጣሁ። ሻንጣው ቀለለ እንዳይባል ተምር በአሮጌ ሻሼ ቁራጭ ጠቅልዬ በቦታው አገባሁ። መልሼ አሰርኩት። ላላ መስሎኝ ደግሜ አሰርኩት። ከዚያ ሰግጄ፣ እጄን ዘርግቼ ለልጄ እሾህ ለመንኩ። «ያ አላህ፣ አንዲት እሾህ፣ ቅርብ ቦታ» አልኩ።

የለመንኩት ደረሰልኝ። ቅርብ ቦታ ግን አልነበረም።

ሐሙስ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልተመለሰም። ዓርብም አልተመለሰም። እሾህ አልወጋውም ማለት ነው ብዬ ልደሰት ሞከርኩ። ካላማዳሪው ከልብስ ሳጥኔ ሥር ተጠቅልሎ ነበር፤ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር የተኛ እባብ ይመስለኛል። እሁድ ከዙህር ሰላት ጀምሮ ከሰሜን የሚመጡ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። እትዬ ብርሃኔም መጡ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። አልመጡም።

«መኪና አጥተው ይሆናል» አሉ እትዬ ብርሃኔ።

«ይሆናል» አልኩ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ምን አልሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ አንድ አይሱዙ መጣ። ሦስቱ ወጣቶች ከጭነቱ ላይ ወረዱ። ፊታቸው ነጭ አቧራ ነው። ጋሽ ዘውዴ የሉም። ኑረዲን የለም።

እትዬ ብርሃኔ አልጮሁም። ታላቁን ልጅ ክንዱን ያዙና፣ «የታሉ?» አሉት።

«ሂዱ ብለው ላኩን» አለ እያለቀሰ። «ዓርብ ከደምበል ወዲያ እሾህ ገብቶ የኑረዲንን ካላማዳሪ ከአየር መንፊያው ሥር ቀደደው። እንደዚያ የተቀደደ አይለጠፍም። ሻንጣውን ጋሽ ዘውዴ ከፈቱት፤ መለዋወጫ የለውም። ደንቡ መመለስ ነበር፤ እርሳቸው ግን የራሳቸውን ሰጡት። ቅዳሜ የእርሳቸው ጎማ ተሰነጠቀ፤ ካላማዳሪያቸውም አብሮ ሄደ። መለዋወጫ አልነበራቸውም፤ የእኛም በእሾህ አልቆ ነበር። ‹እናንተ ፈጥናችሁ አይሻ ግቡና መኪና ላኩ› አሉን። እኛ መንገድ ስተን እሁድ ገባን። በመኪና ተመልሰን ስንፈልጋቸው ያሉበትን ዱካ አጣነው።»

«ኑረዲንስ?» አልኩ።

«ከእኛ ጋር ሂድ አሉት። እምቢ አለ። ‹የምነዳበት ካላማዳሪ የእርስዎ ነው፤ ጥዬዎት የት እሄዳለሁ?› አላቸው።»

«ውሃ አላቸው?» ሲሉ ጠየቁ እትዬ ብርሃኔ። ልጁ፣ «ስንለያይ ትንሽ ነበራቸው» አለ።

ያን ቀን ምን እንዳደረግኩ ሁሉንም አላስታውስም። ሆዳን ቤቷ ወስዳ አስቀመጠችኝ። «ወላሂ አገሩ ባዶ አይደለም። የእኔ ሰዎች እዚያ ናቸው፣ ግመል አላቸው፣ ሰው አይጥሉም» ትለኛለች፤ ራሷ ግን በየጊዜው እየወጣች መንገዱን ታያለች። እኔ መጸለይ ፈራሁ። አዎ፣ መጸለይ ፈራሁ። ባለፈው የለመንኩት ምን እንዳመጣ አይቻለሁና አፌን ለመክፈት አልደፈርኩም። ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። እርሱ ዝምታንም ይሰማል። የማመሰግነው በዚህ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፍየል በጫነ መኪና መጡ። ኑረዲን ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጋሽ ዘውዴን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዷቸው። የእግራቸው መዳፍ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ በደም ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ወደ እኔ ዞረው፣ «የኑረዲን እናት፣ ይፈትሹት፤ አልጎደለም» አሉኝ።

የሆነውን በኋላ ከኑረዲን ሰማሁ። ጋሽ ዘውዴ የተቀደደውን ጎማቸውን በደረቅ ሣር ሞልተው ጥቂት ሄደውበታል። ሣሩ ደቅቆ ሲያልቅ እንደገና ይሞሉታል። በመጨረሻ ጎማው ራሱ ተበጣጠሰ። ከዚያ ብስክሌቱን እየገፉ ሄዱ። የኑረዲንን ብስክሌት ተራ በተራ እንዲነዱ ልጄ ለመናቸው። «ሁለት ሰው በአንድ ፍጥነት ካልሄደ አንዱ ይጠፋል» ብለው እምቢ አሉ። ጫማቸው ተበላ። እሁድ ውሃው ሲያልቅ የመጨረሻዋን ጉንጭ በጀሪካኑ ክዳን ለኩ። ኑረዲን ጠጣ። እርሳቸው ክዳኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው መለሱት፤ ባዶ እንደ ነበረ ልጄ ያወቀው ዘግይቶ ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግመል የምታግድ አንዲት ሴት አገኘቻቸው። ወተት ሰጠቻቸው። ዘመዶቿ በማግስቱ ጋሽ ዘውዴን ግመል ላይ ጭነው እስከ መኪና መንገድ አደረሷቸው። ያችን ሴት ስሟን እንኳ አላውቅም። በየሰላቴ እጠራታለሁ፤ ጌታዬ ያውቃታል።

ሻንጣው ስለተፈታበትም ሰዓት ነግሮኛል። ሦስቱ ወጣቶች ጥቂት ራቅ ብለው ጥላ ይፈልጉ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ሻንጣውን ፈትተው እጃቸውን ከተቱ፤ የሻሹን ጥቅል አወጡ። ፈቱት። ተምሩን አዩ፤ ሻሹን አዩ። ኑረዲን ሻሹን ያውቀዋል፤ የእኔ ነው። ጋሽ ዘውዴ አንድ ተምር አንስተው ሰጡትና፣ «ጥሩ ተምር ነው፤ ብላ። የእናትን ፍርሃት አደባባይ አናወጣም» አሉት። ቢመለሱ ምክንያቱ ይጠየቃልና፣ ተነሥተው የራሳቸውን ካላማዳሪ ከሻንጣቸው አወጡ።

ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ቆዩ። በትር ይዘው መቆም ሲችሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ወላጆች ተቆጥተው ነበር። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከሦስቱ የአንዱ አባት ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ሻንጣውን ራሴ ካልቋጠርኩ የሚሉት እርስዎ ነዎት። እንግዲህ የታለ ካላማዳሪው?» አላቸው።

ጋሽ ዘውዴ ቆሙ። «የቋጠርኩት እኔ ነኝ። የሚጠየቀውም የቋጠረው ነው» አሉ።

«ረሱት ማለት ነው?»

«ጉድለቱን በእኔ ላይ ጻፉት» አሉ።

ወደ እኔ አላዩም። አንዴ እንኳ አላዩም። ቢያዩኝ ኖሮ እነሣ ነበር እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን አታልያለሁ። ትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤውን ከለከለ። ክበቡ ከዓመት በላይ ቆመ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በሥራቸው ነቀፋ ሰምተው የማያውቁ ሰው፣ በመንገድ ሲያልፉ «ረሺው መምህር» የሚላቸው ባለጌ አልጠፋም።

ከስብሰባው በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ተቀምጠው ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳቸው፣ ሳልቀመጥ።

«አውቃለሁ።»

«ኑረዲን ነገርዎት?»

«ቋጠሮው ነገረኝ። እኔ አንድ ጊዜ ነው የማስረው። ያ ሁለት ጊዜ ነው የታሰረው። የፈራ ሰው ሁለት ጊዜ ያስራል።»

አለቀስኩ። ለሰው ሁሉ ልናገር አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ቢናገሩ ሰው ይፈርድብዎታል። ከእንግዲህ የትኛዋም እናት ፈራሁ ብላ አትነግረኝም። ትፈራለች፤ ትደብቀዋለች። ያ ነው ሰው የሚገድለው» አሉ። ቆይተውም፣ «ፍርሃትም ዕቃ ነው፣ የኑረዲን እናት። በግልጽ ካልተጫነ ተደብቆ ይገባል። ያን ቀን እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሦስተኛ መጠየቅ ነበረብኝ። ጉድለቱን በእኔ ላይ ጻፉ ያልኩት ውሸት አይደለም» አሉኝ።

«እስከ መቼ ይሸከሙታል?» አልኳቸው።

«ሲከብደኝ እነግርዎታለሁ» አሉ።

ያን ቃል ይዤ ሄድኩ። ተመቸኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተመቸኝ።

ክበቡ ከሌላ ቢሮ ደብዳቤ አግኝቶ ሲመለስ ጋሽ ዘውዴ አዲስ ነገር ጨመሩ። ዕቃው ሁሉ ተነክቶ «አየሁ» ከተባለ በኋላ አንድ የተማሪ ደብተር ያወጣሉ። «አሁን ደግሞ ምን ይፈራሉ?» ብለው እናትየዋን ይጠይቃሉ፤ የምትለውን ይጽፋሉ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ሳይገኝ ሻንጣው አይቋጠርም። አንዷ ጅብ አለች፤ ምግብ ከድንኳን ርቆ እንዲሰቀል ተጻፈ። አንዷ ልጄ ሰላት ያልፈዋል አለች፤ በየሰላቱ ሰዓት መቆም ደንብ ሆነ፤ ክርስቲያኖቹ በዚያ ጊዜ ሰንሰለታቸውን ዘይት ይቀባሉ። አንዷ፣ «እዚያው አግብቶ እንዳይቀርብኝ» አለች። «ለዚህ እንኳ መሣሪያ የለኝም፤ ሴቶቹ ቆንጆዎች ናቸው» አሏት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዛሬ የክበቡ ምክር የሚባለው፣ አዲስ ገቢ ሁሉ የሚያነበው፣ ከእናቶች ፍርሃት የተሰበሰበ ነው።

የእኔም ተራ ደረሰ። ኑረዲን እንደገና ሊሄድ ነበር፤ መንገዱም ያው የአይሻ መንገድ። ሸራው ተነጠፈ። ካላማዳሪውን ነክቼ «አየሁ» አልኩ። ደብተሩን አወጡ።

«ምን ይፈራሉ?»

«ራሴን» አልኩ።

ጻፉት። ገመዱንም ወደ እኔ ገፉት። «የዚህ መልስ ይህ ነው። ዛሬ እርስዎ ይቋጥሩት» አሉ። በድብቅ ካሰርኩት በቀር የሰው ሻንጣ ቋጥሬ አላውቅም ነበር። ቋጠርኩ። ልጄ ሄደ፤ አባቱ የሞተበትን ቦታ አየ፤ ጸለየለት፤ ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ።

እነሆ ተናገርኩ። የአይሻው ጉድለት የጋሽ ዘውዴ አይደለም። ይህን የሰማችሁ ሁሉ ስማቸውን ስታነሡ ያችን ነጥብ አንሡላቸው። በእኔ ላይ የሚፈርድ ይፍረድ።

ጋሽ ዘውዴ፣ ሲከብደኝ እነግርዎታለሁ ብለውኝ ነበር። ሳይነግሩኝ ሄዱ። አልከበደዎትም ብዬ አላምንም። ለቅሶዎ ላይ የጅጅጋ ነፋስ ድንኳኑን ሲያንገላታው ኑረዲን ከሐዘኑ ተነሥቶ የገመዱን ካስማ አንድ በአንድ እየዞረ ሲያጠብቅ አየሁት፤ እርስዎ እንዳስተማሩት፣ ከነፋሱ ወገን ጀምሮ። ልጄ በሕይወት ያለው እርስዎ ባዶ ክዳን ስለጠጡ ነው።

ያ የደበቅኩት ካላማዳሪ እስከ ሰሞኑ ሳጥኔ ሥር ነበር። ደርቋል፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ለእትዬ ብርሃኔ አስረክቤዋለሁ፤ ከደብተርዎ ጋር ይቀመጥ። አሁን የሚሄዱበትን መንገድ አላውቀውም፤ እፈራዋለሁም፤ የእኔም መንገድ ነውና። እዚያ ለእርስዎ የምለምነው ውሃና ጥላ ነው።

ይህን በምጽፍበት ቀን ኑረዲን ክበቡን ይዞ ወደ አይሻ ሊወጣ ነው፤ ያለ እርስዎ የመጀመሪያው ጉዞ ነው። ሸራዎ ፊቴ ተነጥፏል። ጀሪካኑን ነካሁ፤ ማስቲሹን ነካሁ፤ ካላማዳሪውን ነካሁ። አየሁ፣ ጋሽ ዘውዴ። ሁሉንም አየሁ። ገመዱን ሳነሣ እጄ እንደዚያን ቀን ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሰርኩት።